በእርጥብ ቦታ የነብር ተክል ማልማት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የነብር ተክል እየተባለ የሚሸጠው የትኛው ነው?

በዚህ ስም ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች ይሸጣሉ፤ ሁለቱም ከሱፍ አበባ ቤተሰብ ናቸው። አንደኛው ፋርፉጂየም ጃፖኒከም ይባላል። የተገኘው ከጃፓን፣ ከኮሪያ፣ ከቻይናና ከታይዋን ሲሆን፣ ቅጠሉ ክብ ወይም ኩላሊት መሰል፣ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው። ብርዱ ካልጠናበት ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው ሊጉላሪያ ነው። ይህኛው ቅጠሉ ሰፋ፣ ሳሳ ያለና ጠርዙ ጥርስ ጥርስ የሆነ ነው፤ ብርድ ሲገባ ከላይ ያለው ሁሉ ደርቆ ይወድቅና ሥሩ ብቻ ከአፈር በታች ይቆያል፣ ብርዱ ሲያልፍ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ግራ መጋባቱ የመጣው ከድሮ ስያሜ ነው። ፋርፉጂየም ለረጅም ጊዜ ሊጉላሪያ ቱሲላጂኒያ ተብሎ ስለተሸጠ አንዳንድ የችግኝ ጣቢያዎች ዛሬም ያንኑ ስም ይለጥፉበታል። በእጅዎ ያለውን ለመለየት ሦስት ነገር ይመልከቱ። ቅጠሉ እንደ ቆዳ ጠንከር ብሎ ካብረቀረቀ፣ ለጋው ቅጠል ሲወጣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ በጸጉር የተሸፈነ ከሆነ፣ አበባውም ሙቀቱ በርዶ ሌላው አበባ ሁሉ ሲያልቅ የሚመጣ ከሆነ ፋርፉጂየም ነው። ሊጉላሪያ የሚያብበው ቀደም ብሎ፣ በሞቃቱ ወራት መካከል ነው።

መለየቱ የሚጠቅመው ለስሙ አይደለም። ሊጉላሪያ ውሃ ከተኛበት አፈር ጋር ይስማማል፣ ጠንካራ ብርድም ይችላል፣ የረዘመ ሙቀት ግን ያዳክመዋል። ፋርፉጂየም በተቃራኒው ሙቀትን በመጠኑ ይታገሣል፣ የባሕር ዳርቻ ጨዋማ ነፋስም ብዙ አይጎዳውም፣ ሥሩ ግን ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ መቆየትን አይችልም። ከዚህ በታች የምንሰጠው መልስ ለአንዱ ብቻ የሚሆን ከሆነ ስሙን ለይተን እንጠራለን።

ስማቸው ከነብር ጋር የተያያዘ ሌሎችም አሉ። ዶሮኒከም ቢጫ አበባ ቢኖረውም ሌላ ተክል ነው። ቅጠሉ የተዥጎረጎረው የቤት ውስጥ ዲፈንባኪያም ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም፣ አያያዙም ይለያል።

የገዛሁት ተክል ነጠብጣብ የለውም። ሌላ ነገር ሸጠውልኝ ይሆን?

ላይሆን ይችላል። ነጠብጣቡ ያለው በአንዳንድ ዝርያዎች ላይ ብቻ ነው። ከፋርፉጂየም ቢጫ ክብ ነጥብ ያለው ‘ኦሬኦማኩላተም’ ነው፤ ስሙን ያወጣለትም እሱ ነው። ‘አርጀንቲየም’ ጠርዙ ላይ ነጭ ቀለም አለው፣ ‘ክሪስፓተም’ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ጥልፍልፍ ተሸብሽቧል፣ ‘ጃይጋንቲየም’ ደግሞ ምንም ነጥብ የሌለው ግን ቅጠሉ ከ35 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚሰፋ ነው። ከሊጉላሪያ ‘ዴዝዴሞና’ እና ‘ኦቴሎ’ ከላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ከሥር ሐምራዊ ናቸው፤ ‘ብሪት-ማሪ ክሮፎርድ’ ከሁሉም ይጠቁራል። ‘ዘ ሮኬት’ አበባው በጥቁር ዘንግ ላይ ወደ ላይ ተደርድሮ እስከ 1.5 ሜትርና ከዚያም በላይ ይቆማል።

ለጀማሪ አንድ ምረጡ ብንባል ‘ጃይጋንቲየም’ን እንመርጣለን። ነጭ ወይም ቢጫ ያለባቸው ቅጠሎች አረንጓዴ ክፍላቸው አነስተኛ ስለሆነ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ፀሐይም ቶሎ ያቃጥላቸዋል።

“እርጥብ አፈር ይወዳል” ሲባል ምን ያህል እርጥብ ማለት ነው?

ብዙው ተክል የሚሞተው ይህ ስላልታወቀ ነው። እርጥበቱ ሳይቋረጥ መኖር አለበት፤ ነገር ግን በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል አየርም መኖር አለበት። ሥር ይተነፍሳል። ቀዳዳዎቹ ሁሉ በውሃ ከተሞሉ ኦክስጅን ያልቅና ሥሩ ውሃ መሳብ ያቆማል፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል ማለት ነው። ፋይቶፍቶራ የተባለው የሥር አበስባሽም በአፈር ውስጥ ባለ ውሃ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር የሚዛመት ስለሆነ የተኛ ውሃ ለእሱ መንገድ ነው።

በጣትዎ ይለኩ፦ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ አፈሩ ያስገቡ። ቀዝቀዝ ብሎ አፈሩ ጣት ላይ ከቀረ ደኅና ነው። ደርቆ ከተራገፈ ውሃ ይፈልጋል። ጣት ያረፈበት ጉድጓድ ውሃ ካቆረ ለፋርፉጂየም ከልክ አልፏል፣ ለሊጉላሪያ ግን ለጊዜው ይሆናል።

ከመትከልዎ በፊት ደግሞ ቦታውን ራሱን ይፈትኑ። ጎኑም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉና ሙሉ በሙሉ እስኪሰርግ ይተዉት። እንደገና ይሙሉና በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ በማስመሪያ ይለኩ። የመጀመሪያው ሙሊት አይቆጠርም፤ ደረቅ አፈር ስለሚጠጣው ያታልላል።

በሰዓት ከ2.5 እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ለሁለቱም ተክሎች ይሆናል። ከ2.5 በታች ከሆነ ሊጉላሪያን ይትከሉ፣ ፋርፉጂየም ካስፈለገ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ ይሁን። ከ10 በላይ ከሆነ አፈሩ እርጥበት አይዝም፣ ብዙ ኮምፖስት ወይም ከታች የምንገልጸው ረግረጋማ መደብ ያስፈልጋል።

ጥላ ብቻ ነው የሚሆነው? ፀሐይ ጭራሽ አያስፈልገውም?

የጠዋት ፀሐይ ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ያህል ቢያገኝ ጥሩ ያብባል። ጠላቱ የቀትርና የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ነው። ስለዚህ የቤቱ ምሥራቃዊ ጎን፣ ወይም ቅርንጫፋቸው ከፍ ብሎ ብርሃን የሚያሳልፉ ዛፎች ሥር ይመረጣል። አየሩ ቀዝቃዛና ደመናማ በሆነበት ቦታ፣ አፈሩ በፍጹም የማይደርቅ ከሆነ፣ ሊጉላሪያ ከዚህ የበለጠ ፀሐይም ይችላል። ድቅድቅ ጥላ ውስጥ ሁለቱም በሕይወት ይቆያሉ፤ ቅጠላቸው ግን ዘንጉ ረዝሞ ይንጋደዳል፣ አበባም ይቀንሳል። የጥቁር ሐምራዊዎቹ ዝርያዎች ቀለምም ብርሃን ሲያንሳቸው ወደ አረንጓዴ ያደላል።

ሥራቸው ከላይ የተዘረጋና ውሃ የሚሻሙ ዛፎችን ይራቁ። ጥላው ጥሩ ቢሆንም አፈሩ ዝናብ በዘነበ በማግሥቱ ደርቆ ይገኛል።

አፈሩን እንዴት ላዘጋጅ? አተካከሉስ?

የሚስማማው አሲዳማነት ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ያለው ነው፤ 7 ቢደርስም ይቻላል። ከዚያ በላይ ኖራ በበዛበት አፈር ላይ የለጋ ቅጠል ደም ሥሮች አረንጓዴ ሆነው መካከሉ ይገረጣል፤ ብረት መሳብ ስላልቻለ ነው።

መጀመሪያ አፈሩን እፍኝ ያህል ጨብጠው ይጭመቁ። እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ ሲነኩት የማይፈርስ ከሆነ አይቆፍሩ፤ እርጥብ የሸክላ አፈር ሲረገጥና ሲገለበጥ ይጠቀጠቃል፣ ለማስተካከል ዓመታት ይወስዳል። እስኪፈርፈር ይጠብቁ።

ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የበሰለ ኮምፖስት ወይም የቅጠል ብስባሽ በመደቡ ላይ አንጥፈው እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ያደባልቁ። ያልበሰለ ፍግ አይጠቀሙ፤ ሥር ያቃጥላል። በጥብቅ የሸክላ አፈር ላይ አሸዋ መጨመር የሚመክሩ አሉ፤ እኛ አንመክርም። ጥቂት አሸዋ ሸክላ ውስጥ ሲገባ ክፍተቱን ከመክፈት ይልቅ አፈሩን እንደ ሲሚንቶ ያደርቀዋል። ሸክላን የሚያላላው ብስባሽ ነው።

ጉድጓዱ የችግኙን ሥር እጥፍ ይስፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከሥሩ ክምር አይብለጥ። ችግኙ ደርቆ ከሆነ ከነፖቱ በባልዲ ውሃ ውስጥ አረፋ መውጣቱ እስኪቆም ይንከሩት። ሲተክሉ የተክሉ አንገት፣ ማለትም ቅጠሎቹ ከሥሩ የሚነሡበት ቦታ፣ ከአፈሩ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ በሸክላ አፈር ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይሻላል። አንገቱ ከተቀበረ እርጥበቱ እዚያ ተከማችቶ ይበሰብሳል፣ ይህም በአዲስ ተከላ ላይ በብዛት የምናየው ጥፋት ነው። ዙሪያውን በእጅ ብቻ ጠቅጠቅ አድርገው ለእያንዳንዱ ተክል ከ8 እስከ 10 ሊትር ውሃ ቀስ ብለው ያፍስሱ።

በመጨረሻ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የቅጠል ብስባሽ ወይም የተፈጨ የዛፍ ቅርፊት ጉዝጓዝ ያልብሱ። ከአንገቱ አንድ ጋት ያህል ይራቅ። በተክሎቹ መካከል ለፋርፉጂየም 60፣ ለሊጉላሪያ ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። መጀመሪያ ባዶ ቢመስልም በሁለት ዓመት ይሞላል፤ ከተጣበበ አየር አይንሸራሸርም፣ ቀንድ አውጣም ይደበቅበታል።

ቀትር ላይ ቅጠሉ ሁሉ ይተኛል። አፈሩ ግን እርጥብ ነው። ምን ሆነ?

ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ በሞቃት ቀን የሚያተነው ውሃ ሥሩ ከሚስበው ይበልጣል፤ ቅጠሉ ተኝቶ የሚያተንበትን ይቀንሳል። ሊጉላሪያ ላይ ይህ በየቀኑ ሊታይ ይችላል። ፀሐይ ሲያዘነብል ከተነሣና ጠዋት ቀጥ ብሎ ከተገኘ ይተዉት። ስሕተቱ ቀትር ላይ በድንጋጤ ውሃ መደፋቱ ነው፤ በየቀኑ ከተደጋገመ አፈሩ ይጠግብና መጨረሻ ላይ እውነተኛ በሽታ ይመጣል።

ሐኪም እንደሚያደርገው ጊዜውን አይተው ይለዩ። በማግሥቱ ማለዳም ተኝቶ ከተገኘ ጣትዎን ወደ አፈሩ ያስገቡ። አፈሩ ከደረቀ ጥማት ነው፤ 10 ሊትር ያህል ቀስ ብሎ ይጠጣ፣ በጥቂት ሰዓት ይነሣል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ማለዳም ተኝቶ ከሆነ ግን ሥሩ ተበላሽቷል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ ዘንጎቻቸው ሲነኩ ከመሠረታቸው ተነቅለው ይመጣሉ፣ አንገቱ ቡናማና ለስላሳ ሆኖ ይሸታል።

በዚህ ጊዜ ውሃ መስጠት ያቁሙና ተክሉን ነቅለው ሥሩን ይጠቡ። ነጭና ጠንካራውን ትተው ቡናማውንና የሚላጠውን በንጹሕ ቢላ ይቁረጡ። ቅጠሉንም በግማሽ ይቀንሱ፣ የቀረው ሥር ያንን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት አይችልምና። ከፍ ወዳለና ውሃ ወደማይተኛበት ቦታ ያዛውሩት። የተነቀለበት ቦታ ላይ ያንኑ ተክል መልሶ መትከል ከንቱ ድካም ነው።

በአንገቱ ዙሪያ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ድርና እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የሆኑ ቡናማ እንክብሎች ከታዩ ግን ስክለሮሺየም የተባለ ፈንገስ ነው፤ በሙቀትና በእርጥበት ወቅት ይመጣል። ተክሉን ዙሪያውን ካለው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር አውጥተው ያስወግዱ፤ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት። እንክብሎቹ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ።

በሳምንት ስንት ጊዜ ላጠጣ?

በጊዜ ሳይሆን በመጠን ያስቡ። ዝናብን ጨምሮ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ መነሻ ይሁን፤ ይህም በካሬ ሜትር 25 ሊትር ማለት ነው። በአሸዋማ አፈር ለሦስት ከፍለው፣ በሸክላ አፈር በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይስጡ። በሞቃትና ነፋሻ ሳምንት እጥፍ ሊያስፈልግ ይችላል። አዲስ የተተከለ ተክል ግን እስከ አንድ ዓመት ድረስ በየሁለት ቀኑ በጣት መፈተሽ አለበት፤ ሥሩ ገና ከፖቱ ቅርጽ አልወጣም።

ማለዳ፣ ከሥሩ ላይ ያጠጡ። ማታ የራሰ ቅጠል ለቀንድ አውጣና ለቅጠል ነቁጥ በሽታ ግብዣ ነው። ጠብታ መስኖ ካለ ከጉዝጓዙ ሥር ይዘርጉት።

ጓሮዬ ደረቅ ነው። እርጥብ ቦታ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ አስቸጋሪም አይደለም። ረግረጋማ መደብ ይባላል። የሚፈልጉትን ስፋት ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፍሩ፣ ሹል ድንጋይ ያስወግዱ፣ ከዚያ የኩሬ ፕላስቲክ ወይም ወፍራም ሸራ ያንጥፉ። ፕላስቲኩን በየ1 ሜትሩ በመንሽ ወይም በወፍራም ምስማር ይብሱት። ይህን የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ካልተበሳ ግን ውሃው መውጫ አጥቶ ይገማል፣ መደቡ ኩሬ ይሆናል። በቀዳዳዎቹ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ያልብሱ፣ አፈር እንዳይደፍናቸው ነው። ዳር ዳሩ ላይ የቀረው ፕላስቲክ ከአፈሩ ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቅር፤ ከላይ ከታየ አያምርም፣ ከባድ ዝናብ ሲመጣም ትርፉ ውሃ በጎን አይወጣም።

የተቆፈረውን አፈር ከሦስት አንድ እጅ ኮምፖስት ጋር አደባልቀው ይመልሱ። ሲሞሉ የተበሳሳ ቱቦ ከመካከል ቀብረው አንዱን ጫፍ ከላይ ቢያወጡ በደረቅ ወራት በእሱ ማጠጣት ይቻላል። ከመትከልዎ በፊት አንድ ሳምንት ይተኛ፣ አፈሩ ይወርዳልና። ሊጉላሪያ መካከል ላይ፣ ፋርፉጂየም ከፍ ባለው ዳር ላይ ይሁን።

ኩሬ ውስጥስ? ውሃው ዳር ልትከለው?

ሊጉላሪያ አንገቱ ከውሃው በላይ ሆኖ ሥሩ ወደ እርጥቡ የሚዘልቅ ከሆነ ኩሬ ዳር ያምርበታል። አንገቱ ውሃ ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ፋርፉጂየም ከውሃው ወለል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ማዳበሪያ?

በዓመት አንዴ፣ አዲስ ቅጠል መውጣት ሲጀምር፣ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ኮምፖስት በዙሪያው ማልበስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አፈሩ ድሃ ከሆነ ቀስ ብሎ የሚለቅ የተመጣጠነ ማዳበሪያ በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 50 ግራም ይጨምሩ። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ገዝፎ ይለሰልሳል፣ ክሽክሽና ቀንድ አውጣም ይህንኑ ይፈልጋሉ።

ቀንድ አውጣ ቅጠሉን ወንፊት አደረገው። ምን ይሻላል?

የሊጉላሪያ ዋና ጠላት ቀንድ አውጣና ቅርፊት የሌለው ዘመዱ ናቸው። የፋርፉጂየም ቅጠል ጠንከር ስለሚል የሚበሉት በአብዛኛው ለጋውን ነው። ችግሩ እርጥበቱና ጥላው ለተክሉ እንደሚስማማው ለእነሱም መስማማቱ ነው፤ ስለዚህ ፈጽሞ ማጥፋት አይታሰብም፣ መቀነስ እንጂ።

ወሳኙ ጊዜ አዲስ ቅጠል ከአፈር ብቅ የሚልበት ሁለትና ሦስት ሳምንት ነው። ገና ተጠቅልሎ ሳለ አንድ ቦታ የተነከሰ ቅጠል ሲዘረጋ በመስመር የተደረደሩ ብዙ ቀዳዳዎች ይታዩበታል፣ ያ ቅጠልም እስኪረግፍ ድረስ እንደዚያው ይቆያል። ስለዚህ ጥበቃው ቀዳዳ ከታየ በኋላ ሳይሆን ቅጠል ከመውጣቱ በፊት ይጀመር። የደረቁ ቅጠሎችን ከአንገቱ ዙሪያ ይጥረጉ፣ ጉዝጓዙን በዚህ ወቅት ገለጥ ያድርጉት፣ በየሦስት ቀኑ ማታ በባትሪ ብርሃን እየለቀሙ ያስወግዱ። ጣውላ ወይም እርጥብ ካርቶን መሬት ላይ አስተኝተው ጠዋት ቢገለብጡት ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ከወጥመዶች ሁሉ ርካሹ ይኸው ነው።

መድኃኒት ካስፈለገ አይረን ፎስፌት ያለበትን ይምረጡ፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሳያልፉ ይበትኑ፤ መከመር አያስፈልግም። ሜታልዴሃይድ ያለበት ግን ውሾችንና ድመቶችን፣ አዕዋፍንም ይመርዛል፤ በታላቋ ብሪታንያ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቤት ውጭ መጠቀሙ ተከልክሏል። የእንቁላል ቅርፊትና ጨው አንመክርም፤ የመጀመሪያው አያቆማቸውም፣ ሁለተኛው አፈሩን ያበላሻል።

ሌላስ ምን ያጠቃዋል?

ክሽክሽ በአበባ ዘንግና በለጋ ቅጠል ሥር ይሰፍራል። ጠንከር ባለ ውሃ ማጠብ፣ ካልበቃ በ1 ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ መርጨት ይረዳል፤ መጀመሪያ በአንድ ቅጠል ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። ፖት ውስጥ ሆኖ ቤት የገባ ፋርፉጂየም አየሩ ሲደርቅ ቀይ ሸረሪት ይይዘዋል፤ ቅጠሉ በጥቃቅን ነጥብ ይገረጣል፣ ከሥሩም ስስ ድር ይታያል።

የቅጠሉ ጠርዝ ብቻ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ በሽታ አይፈልጉ፤ አንድ ቀን በጣም ተጠምቶ ወይም ነፋስ መትቶት ነው። መካከሉ ላይ የነጣ፣ በኋላም ወረቀት የሚመስል ቁስል ፀሐይ ያቃጠለው ነው። የተቃጠለ ቅጠል አይመለስም፣ ግን ግማሹ አረንጓዴ ከሆነ ለተክሉ ይሠራልና ቶሎ አይቁረጡት።

ፖት ውስጥ ይሆናል?

ፋርፉጂየም ይሆናል፣ እንዲያውም ያምርበታል። ለአንድ ተክል ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውና ከታች ቀዳዳ ያለው ይውሰዱ። ሁለት እጅ የፖት አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደቃቅ የዛፍ ቅርፊት ወይም ፐርላይት (አፈር የሚያላላ ቀላል ነጭ የድንጋይ ቅንጣት) ያደባልቁ። ከታች ጠጠር አይደርድሩ፤ ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ ረግረጉ ወደ ሥሩ ከፍ ይላል እንጂ አይጠፋም። በሙቀት ወራት በየቀኑ ማጠጣት ሊያስፈልግ ይችላል። በዕድገት ወራት በየሦስትና አራት ሳምንቱ በግማሽ መጠን የቀጠነ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይስጡ፣ በየሁለት ዓመቱ ወደ አንድ ደረጃ ሰፋ ያለ ፖት ያዛውሩት። ከሥሩ በተቀመጠው ሰሐን ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይድፉ።

ሊጉላሪያን በፖት ማቆየት ግን ባሪያ ያደርጋል፤ አንድ ቀን ከተረሳ ቅጠሉ ዳር ዳሩ ይቃጠላል።

ብርድ ምን ያህል ይችላል?

ፋርፉጂየም ቀላል ውርጭ ይችላል፣ ጠንከር ሲል ቅጠሉ ይጠቁርና ይወድቃል፤ ሥሩ በጉዝጓዝ ከተሸፈነ እስከ −12 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ድረስ ተርፎ እንደገና ያቆጠቁጣል። ብርድ ከመግባቱ በፊት ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ቅጠል ያልብሱት፣ ብርዱ ሲያልፍ ወዲያው ያንሡት። ሊጉላሪያ እስከ −25 ዲግሪ አካባቢ ይችላል። ብርድ ጭራሽ በማይገባበትና ሌሊቱም በሚሞቅበት ስፍራ ሊጉላሪያ ዓመት ከዓመት እየደከመ ይሄዳል፤ እዚያ ፋርፉጂየም ይሻላል።

እንዴት ላብዛው?

በመክፈል ነው። ጊዜው ብርዱ አልፎ አዲስ ቅጠል ሊወጣ ሲል ነው። ከመክፈልዎ አንድ ቀን በፊት በደንብ ያጠጡ፣ ከተክሉ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀው ዙሪያውን ቆፍረው ያንሡት። አፈሩን አራግፈው ጉጦቹን ይመልከቱ፤ እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ ሦስት ቡቃያ ወይም ቅጠልና የራሱ ሥር ይኑረው። ቢላውን በ70 በመቶ አልኮል ያጽዱ፣ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፉም ይድገሙት። ትልልቆቹን ቅጠሎች በግማሽ ይቁረጡና ሥሩ ሳይደርቅ በዚያው ሰዓት ይትከሉ። ሁለትና ሦስት ሳምንት ጥላ ያስፈልገዋል። አንድ ቅጠል ብቻ ያለው ትንሽ ክፋይ ቢጸድቅም እስኪያምር ሁለት ዓመት ያስጠብቃል፤ በቁጥር መስገብገብ አያዋጣም።

ሊጉላሪያ መካከሉ ባዶ ካልሆነና አበባው ካልቀነሰ መከፈል አያስፈልገውም፤ ይህም በአራት አምስት ዓመት አንዴ ነው።

ዘሩ ትኩስ ከሆነ ይበቅላል። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው ቦታ በእርጥብ አፈር ገጽ ላይ በትነው በስሱ ይሸፍኑት። ከ‘ኦሬኦማኩላተም’ የተወሰደ ዘር ግን ነጠብጣብ ያለው ልጅ አያወጣም፣ ነጠብጣቡን የሚወርሰው ክፋዩ ብቻ ነው።

ነጠብጣብ ካለው ተክል መካከል ሙሉ አረንጓዴ ቅጠል መጣ። ልተወው?

አይተዉት። አረንጓዴው ክፍል የበለጠ ምግብ ስለሚሠራ ቶሎ አድጎ ሌላውን ይውጠዋል። አንድ ቅጠል ብቻ ከሆነ ትንሽ ይጠብቁ፣ ነጥቡ ዘግይቶ የሚታይበት ጊዜ አለ። ከአንድ ጉጥ የሚወጣው ሁሉ አረንጓዴ ከሆነ ግን ጉጡን ከሥሩ ጋር ቆርጠው አውጥተው ለብቻው ይትከሉት።

አበባውን ልቁረጠው?

እንደ ፍላጎትዎ። ለቅጠሉ ብቻ የሚተክሉት ዘንጉ ሲወጣ ይቆርጡታል፣ ተክሉም አይጎዳም። ‘ዘ ሮኬት’ን አበባውን ቆርጦ መትከል ግን ምን ፋይዳ አለው? አበባው ሲያልቅ ዘንጉን ከመሠረቱ ይቁረጡ፤ ዘር ካልፈለጉ ፀጉራሙ ፍሬ በነፋስ ከመበተኑ በፊት ይሁን።

ከምን ጋር ልትከለው?

እርጥብ ጥላ ከሚወዱት ጋር፦ ፈርን፣ ሆስታ፣ አስቲልቤ፣ ፕሪሙላ። ቅጠሉ ሰፊና ክብ ስለሆነ አጠገቡ ቀጭንና የተሰነጣጠቀ ቅጠል ያለው ሲሆን ይደምቃል፤ ሆስታን ብቻ ደርድረውበት ቢታይ ግን ሁሉም አንድ ይመስላል፣ ቀንድ አውጣም በአንድ ማዕድ ይሰበሰባል።

መርዛማ ነው ወይ?

ሁለቱም ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። እነዚህ ጉበትን ይጎዳሉ፣ ጉዳቱም በትንሽ በትንሹ እየተጠራቀመ ሊመጣ ይችላል። በጃፓን የፋርፉጂየም የቅጠል ዘንግ ተልጦና መራራነቱ እንዲወጣ ተዘፍዝፎ የሚበላበት ልማድ አለ፤ ያንን አይቶ በቤት መሞከር ግን አንመክርም፣ ዝግጅቱ መርዙን ሙሉ በሙሉ እንደሚያስወግድ መቁጠር አይገባምና። ለሻይም ሆነ ለመድኃኒት አይጠቀሙበት። ቅጠል የሚያኝክ ሕፃን፣ ውሻ ወይም የሚግጥ ከብት የሚደርስበት ቦታ ላይ አይትከሉት፤ የተቆረጠውንም ቅጠል ከመኖ ጋር አይቀላቅሉት። አንድ ሰው ወይም እንስሳ ከበላ የቀረውን ቅጠል ይዘው ወደ ሐኪም ወይም ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ።